ሲስተም ከመቀየር በፊት በርጩማ

ርዕሰ መምህራችን ጥያቄ ሲጠይቁ መልሱን በአንድ ቃል ነው የሚፈልጉት። ዘንድሮ ትምህርት ሊጀመር ሰሞን መምህራን ማረፊያ ክፍል ገቡና ሻዬን ሳልጨርስ ያዙኝ።

«መምህር ይበልጣል፣ የኮምፒውተር ክፍሉ ሲስተም ይቀየር ወይስ ባለበት ይቆይ? በአጭሩ ንገረኝ።»

«ልየው» አልኳቸው።

«‹ልየው› ማለት ይቀየር ነው አይቀየር?»

«በርጩማ ይዤ አንድ ቀን ልቀመጥበት ማለት ነው።»

ክፍሉ ውስጥ የነበሩት መምህራን ሳቁ። አንዱማ «ልታስታምመው ነው እንዴ?» አለኝ። እኔ ግን ከምሬ ነበር። ጠመኔ ከመያዜ በፊት የምይዘው ካቻቢቴ ነበር። ቡሬ መናኸሪያ አጠገብ ባለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ኮምፒውተር እጠግን ነበር። ርዕሰ መምህሩ ስለጠየቁኝ ጥያቄ የማውቀውን ሁሉ የተማርኩት ኮሌጅ ሳይሆን እዚያ ነው። ሙያ ከቀየርኩ ወዲህ «ለምን ተውከው?» የሚሉኝ ሰዎች ስለበዙ፣ የዚያን ዘመን ሥራዬን በቅደም ተከተል ልጽፈው ወሰንኩ። ስለ ደሞዙ አንድ ጊዜ ብቻ ልናገር፦ ለቤት ኪራይና ለሽሮ ይበቃ ነበር።

መጀመሪያ ግን ነገሩ ለሁሉም ግልጽ ይሁን። ኦፕሬቲንግ ሲስተም ምን እንደሆነ ለተማሪዎቼ ሳስረዳ የምጠቅሰው የቡሬን መናኸሪያ ነው። እዚያ ተራ አስከባሪ አለ። መኪና አይነዳም፤ ተሳፋሪም አይደለም። ነገር ግን የትኛው መኪና ወደ ፍኖተ ሰላም እንደሚጭን፣ የትኛው ለነቀምት መንገድ እንደሚቆም፣ ማን ወጥቶ ማን እንደሚገባ የሚያውቀው እሱ ነው። እሱ ባይኖር ሁሉም በአንድ በር ልውጣ ብሎ ይጋፋል። ኦፕሬቲንግ ሲስተምም ኪቦርዱን፣ ፕሪንተሩን፣ ዲስኩን፣ የመጻፊያ ፕሮግራሙን እንዲሁ ተራ ያስይዛል። አሁን ይህ ሰው አርጅቶ ተነሣና በምትኩ ፈጣን፣ ንቁ፣ ሌባ የማያሳልፍ ወጣት መጣ እንበል። መልካም ነው። ነገር ግን አዲሱ ልጅ የድሮዎቹን መኪኖች ሁሉ አያውቃቸውም። ለዓመታት ማንም ሳይጠይቀው ሲገባ የኖረውን አሮጌ መኪና በሩ ላይ ያቆመዋል። ስለዚህ «አዲሱ ይሻላል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አይጠቅምም፤ አብዛኛውን ጊዜ ይሻላል። መጠየቅ ያለበት በሩ ላይ የሚቀረው የትኛው መኪና እንደሆነና ማንን እንዳሳፈረ ነው።

ይህን ያስተማሩኝ ጋሽ ስንሻው ናቸው። የሱቋ ባለቤት እሳቸው ነበሩ። ከኮምፒውተር በፊት ሬዲዮና ቴፕ ይጠግኑ ነበር። አጭር፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ወደ ሥራ ሲወጡ ሞተር ብስክሌታቸው ኋላ ላይ ከመሣሪያ ቦርሳቸው ጋር አንዲት ጠርዟ የተበላ በርጩማ ይታሰራል። ደንበኛው ቤት ሲደርሱ ቦርሳውን አይከፍቱም። በርጩማዋን ከኮምፒውተሩ ጎን ያስቀምጡና «ሥራህን ሥራ» ይሉታል። ከዚያ ዝም ብለው ያያሉ።

የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። ማንኩሳ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድን። ባለቤቱ ኮምፒውተሩ ተንቀራፍፎበት «አዲሱን ሲስተም ጫኑልኝ» ብሎ ነው የጠራን። ጋሽ ስንሻው ተቀመጡ። ሰውየው ጥቂት ታገሠና አላስቻለው።

«ጋሼ፣ የመጡት ሊጠግኑ ነው ሊጎበኙ?»

«ዳኛ ሳያይ ይፈርዳል?»

«ምኑን ያዩታል? ዘገምተኛ ነው አልኩዎት እኮ።»

«ጠዋትም እንዲህ ነው?»

ሰውየው አሰበ። «ጠዋትስ ደኅና ነው። ረፋድ ላይ ነው የሚነሣበት።»

ጋሽ ስንሻው ጆሯቸውን ወደ ግድግዳው ዘንበል አደረጉ። ከግድግዳው ማዶ ወፍጮ ቤት ነበር፤ ረፋዱ ላይ ሥራ ጀምሯል። ኮምፒውተሩን ስንከፍተው ማራገቢያው በዱቄት ተለስኖ እንደ ጭቃ ቤት ሆኗል። አየር ሲያጣ ይግላል፤ ሲግል እንዳይቃጠል ብሎ ራሱን ያዘገያል። ጠረግነው፤ ጠረጴዛውን ወደ ሌላው ግድግዳ አዞርነው፤ ሲስተሙን ሳንነካ ወጣን። መንገድ ላይ «ብንቀይርለት ኖሮ ለሳምንት ያመሰግነን ነበር» አሉኝ። «ከዚያ በኋላ ዱቄቱ ተመልሶ ይመጣል።»

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ኮምፒውተር ሲከፍቱ ብሎኖቹን በሣህን አያጠራቅሙም። በካርቶን ላይ የማሽኑን ቅርጽ ይሥሉና እያንዳንዱን ብሎን ከወጣበት ቦታ ላይ ይሰኩታል። ረጅሙ ብሎን በአጭሩ ቦታ ከገባ ከሥሩ ያለውን ዋና ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱን፣ ሊሰብረው ይችላል። እኔ ይህን ሥራ ለማፍጠን ስሞክር «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይሉኝ ነበር። ዛሬ ተማሪዎቼም ካርቶን ይዘው ነው የሚገቡት።

እንዲህ ያለው ጥንቃቄም ግን ከአንድ ውድቀት አላዳነንም።

ደምበጫ አንድ ፎቶ ቤት ነበር፤ የሠርግ ቪዲዮ ይቀርጻል፣ ያቀናብራል። አዲሱ የቪዲዮ ማቀናበሪያ በአሮጌው ሲስተም አልጫን ስላለው ሲስተሙን እንድንቀይርለት ባለቤቱ ጠራን። ጋሽ ስንሻው እንደ ልማዳቸው ተቀምጠው አዩ። መቀየሩ ተገቢ ነበር፤ ዛሬም ብጠየቅ ይቀየር እላለሁ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ባለቤቱን «ለሰው ያልሰጠኸው፣ እዚህ ብቻ ያለ ነገር አለ?» ብለው ጠየቁት። ወጣቱ «ሁሉንም አስረክቤያለሁ» አለ። እውነት መስሎት ነው። ጀመርን። መሐል ላይ መብራት ጠፋ። ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው ባትሪ ነበር፤ ነገር ግን ባትሪው ከተገዛ ጀምሮ ተፈትኖ አያውቅም፤ እኛም አልፈተንነውም። ሲስተሙ ግማሽ ላይ ቆመ፤ መብራት ሲመለስም አልተነሣም፤ ዲስኩ ተበላሽቷል።

ቡሬ ወስደነው ያለንን ዘዴ ሁሉ ሞከርን። ፎቶዎች በከፊል ተገኙ። አንድ የሠርግ ቪዲዮ ግን አልተገኘም። ባለቤቱ አስረክቤዋለሁ ያለው፣ ግን ያላስረከበው እሱ ነበር።

ጋሽ ስንሻው ባለቤቱ ብቻውን እንዲጋፈጥ አልተውትም። ሁለት ሽማግሌ ይዘው ወደ ባለ ሠርጎቹ አገር ወጡ፤ እኔም ተከተልኩ። የሙሽራው አባት ሰምተው ሲያበቁ ሳቁ።

«ሠርጉን የበላነው እኛ ነን፤ ካሜራው አልበላው! ምን ይሁን ብላችሁ ነው ሽማግሌ ይዛችሁ የምትመጡ? ተቀመጡ እንጅ፣ ጠላ ቅመሱ።»

ሽማግሌዎቹ መረቁ፤ ይቅር ተባልን። ሙሽራዋ ግን ከጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር። አልተቆጣችም። ቀስ ብላ ጠየቀች፦

«የአባቴ ምርቃትስ? እሱም ጠፋ?»

አባቷ በሠርጓ ዕለት ሲመርቋት ተቀርጾ ነበር፤ ከሠርጉ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ አርፈዋል። ጋሽ ስንሻው ከተቀመጡበት ተነሥተው «ጠፋ፣ ልጄ» አሏት። እሷም ወደ ጓዳ ገባች። ያንን ጠላ ማን እንደጠጣው አላስታውስም።

ከዚያ በኋላ የሱቃችን ሥርዓት ተለወጠ። «አለ ወይ?» ብለን ጠይቀን አናምንም፤ ራሳችን ከፍተን እናያለን። ባትሪ ሳይፈተን ሥራ አይጀመርም። ከሁሉም በላይ ደግሞ አሮጌው ዲስክ ላይ አዲስ ሲስተም መጫን ቀረ። አሮጌውን ነቅለን በፖስታ ውስጥ እናስቀምጣለን፤ አዲሱን ሲስተም በሌላ ባዶ ዲስክ ላይ ጭነን የሰውየውን ሥራ ወደዚያ እንቀዳለን። ነገሩ ካላማረ አሮጌውን መልሶ መሰካት ነው፤ ማሽኑ እንደ ትናንቱ ይነሣል። ደንበኞች «ለምን ሁለት ዲስክ?» እያሉ ያጉረመርሙ ነበር። ጋሽ ስንሻው አይከራከሩም፤ ሌላ ጠጋኝ እንዲፈልጉ በትሕትና ይነግሯቸዋል።

አሁን ወደ እትዬ ትርንጎ ልምጣ። ሙያዬን የለወጠው የእሳቸው ጉዳይ ነው።

እትዬ ትርንጎ ፍኖተ ሰላም ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት የጽሕፈት ቤት አላቸው። ባለ ጉዳይ ይመጣል፣ ይናገራል፣ እሳቸው ክሱን ወይም መልሱን ይጽፋሉ። በወጣትነታቸው በታይፕራይተር ነበር የጀመሩት። በኋላ ኮምፒውተር ሲመጣ የታይፕራይተሩን የፊደል አቀማመጥ እንዳለ የሚከተል የግዕዝ መጻፊያ ፕሮግራም አገኙ፤ ጣታቸው ሳይደናገር ተሻገሩ። የሚተዳደሩበት ይኸው ብቻ ነው፤ ጡረታ የላቸውም።

ችግሩ እንዲህ ነበር። ፍርድ ቤቱ አቤቱታ ከወረቀቱ ጋር በፍላሽም እንዲገባ ማድረግ ጀምሯል። የእትዬ ትርንጎ ጽሑፍ በአዲሶቹ ኮምፒውተሮች ሲከፈት አማርኛ መሆኑ ይቀርና የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት የተቀላቀለበት ትርምስ ይሆናል፤ የድሮው ፕሮግራም ፊደል ከየትኛውም አዲስ ኮምፒውተር ጋር አይግባባም። በአዲሱ መንገድ ለመጻፍ አዲስ መጻፊያ ያስፈልጋል። አዲሱ መጻፊያ በአሮጌው ሲስተም ላይ አይጫንም፤ አሮጌው መጻፊያ ደግሞ በአዲሱ ሲስተም ላይ አይነሣም።

«ምን ልሁን በለኝ ስንሻው» አሉ። «ማዶ አንድ ልጅ ሱቅ ከፍቷል። ሰው እኔ ዘንድ ያጽፍና ለፍላሹ ብሎ እሱ ዘንድ እንደገና ያስጽፋል። ሁለት ጊዜ የሚከፍል ሰው እስከ መቼ ይመጣልኛል?»

«ይቀየር ይላሉ እንግዲህ?»

«እኔስ ብተወው በወደድሁ። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል።»

«ሰይጣኑ አረጀ እኮ፣ እትዬ ትርንጎ።»

«እኔም አርጅቻለሁ። ተያይዘን እንሂዳ!»

ጋሽ ስንሻው ሳቁና በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። አንድ ባለ ጉዳይ ገብቶ ስለ ተሰረቀች በቅሎው መናገር ጀመረ። እትዬ ትርንጎ ኪቦርዱን አያዩም፤ ስክሪኑንም አያዩም። የሚያዩት የሰውየውን አፍ ነው። እሱ ዓረፍተ ነገሩን ሲጨርስ እሳቸውም ጨርሰዋል። እኔ ያን ጊዜ የማየው ስክሪኑን ነበር፤ የፕሮግራሙን ዓይነት፣ የዲስኩን ስፋት። ጋሽ ስንሻው የሚያዩት የእትዬ ትርንጎን እጅ እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው።

ለሙከራ አሮጌውን ዲስክ ነቅለን በፖስታ ውስጥ አደረግን፤ አዲስ ዲስክ ላይ አዲሱን ሲስተም ጫንን። ሁሉም ነገር አማረ። ፕሪንተሩ ታወቀ፤ ፍላሹ ተከፈተ፤ ማሽኑ ፈጠነ። እኔ ደስ ብሎኝ የእያንዳንዱን ነገር ጥቅም እየተነተንኩ ለእትዬ ትርንጎ አስረዳለሁ። እሳቸው «እሽ፣ እሽ» ይላሉ። ከዚያ ባለ ጉዳይ ገባና እጃቸውን ኪቦርዱ ላይ አኖሩ።

ስክሪኑ ላይ የወጣው አማርኛ ነው፤ ግን ምንም ትርጉም የለውም። አዲሱ መጻፊያ በእንግሊዝኛ ፊደላት ድምፅ ነው የሚሠራው፦ «ከ» ለማለት መጀመሪያ የ«ክ»ን ድምፅ የያዘውን የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቀጥሎ የአናባቢውን መምታት ነው። የእሳቸው ጣት የሚያውቀው ደግሞ የታይፕራይተሩን ሥርዓት ነው፦ መጀመሪያ የፊደሉን አካል ይመታሉ፤ ከዚያ እግሩን ወይም ክንዱን ወይም ቀለበቱን በሌላ ቁልፍ ይቀጥሉበታል። በሁለቱ መካከል ምንም የሚገናኝ ነገር የለም። በአንድ ጣት እየፈለጉ፣ ፊደል በፊደል መልቀም ጀመሩ። ባለ ጉዳዩ ጨዋ ገበሬ ነበር፤ ብዙ ታገሠ። በመጨረሻ አዘነላቸው።

«እናቴ፣ ዛሬስ ደከመዎት። ነገ ልምጣ?»

እትዬ ትርንጎ እጃቸውን ከኪቦርዱ አነሡና ከነጠላቸው ሥር ሸሸጉት።

ጋሽ ስንሻው ወደ እኔ ዞሩ። «ይበልጤ፣ ዲስኩን ሳይሆን እሳቸውን ፎርማት አድርገናቸዋል። መልሰው።»

አሮጌውን ዲስክ መልሼ ሰካሁ። ገበሬው ከደጅ ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ ክሱ ተጽፎ ይጠብቀው ነበር። ለፍላሹ ግን ወደ ማዶው ልጅ ሄደ። በመስኮቱ ሦስታችንም አየነው።

ወደ ቡሬ ስንመለስ ጋሽ ስንሻው ሞተሩን መንገድ ዳር አቆሙ።

«ደምበጫ የማይተካው ነገር የት ነበረ?»

«ዲስኩ ውስጥ።»

«እዚህስ?»

«ጣታቸው ላይ።»

«እንግዲያ ባክአፕ ተደርጎ፣ ተቀድቶ የሚቀመጠው የቱ ነው?»

ቡሬ እስክንደርስ መልሱን ሳወጣ ሳወርድ ሄድኩ። ከደረስን በኋላም ለብዙ ቀናት ፈለግሁ፤ አንድ ነገርም አገኘሁ። አዲሱ ሲስተም ሰው የራሱን የኪቦርድ ሥርዓት ሠርቶ እንዲጭንበት ይፈቅዳል። «ይህ ቁልፍ ሲመታ ይህ ፊደል ይውጣ፤ ከሱ ቀጥሎ ያኛው ሲመታ ወደዚህ ይለወጥ» እያሉ ደንብ መጻፍ ነው። የታይፕራይተሩን ሥርዓት ለአዲሱ ሲስተም ማስተማር ይቻላል ማለት ነው። የሚያስፈልገኝ የእትዬ ትርንጎን ጣት ሙሉ በሙሉ ማወቅ ነበር።

ጊዜውም ተመቸን። ክረምት ላይ ፍርድ ቤት ይዘጋል፤ ባለ ጉዳይ ይቀንሳል። ጋሽ ስንሻው ከሱቁ ሥራ ቀነሱልኝ፤ ዝናቡ ሲያባራ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም እመላለስ ጀመር።

የመጀመሪያው ቀን አልሆነም። ኪቦርዱን ሥዬ ይዤ «እትዬ፣ ‹ጸ› የቱ ጋ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«‹ጸ›?» አሉ። አሰቡ። «አላውቀውም።»

«እንዴት አያውቁትም? በየቀኑ ይጽፉት የለም?»

«ትጽፈዋለች እንጅ» ብለው ጣታቸውን አሳዩኝ፤ «እኔን መች ነገረችኝ!»

ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው «ጸሐፊ» ብለው መቱና ጣታቸው ያረፈበትን ጎንበስ ብለው አዩ። «እዚች ናት።» እኔም ዘዴዬን ቀየርኩ። ፊደል መጠየቅ ትቼ ቃል መጠየቅ ጀመርኩ። «ተከሳሽ» እላለሁ፣ ይመታሉ፣ አያለሁ። «ወሰን፣» «ውርስ፣» «ይግባኝ።» አንዳንዱ ፊደል ያስቸግራል፤ «ሮ» እንደ «ቦ» እግሩን በማሳጠር አይገኝም፣ «ኳ» ደግሞ የራሱ መንገድ አለው። እያንዳንዱን ደንብ ቡሬ ሄጄ እጽፋለሁ፤ ይዤ እመለሳለሁ፤ ይሞክሩታል።

«ይሄ ‹ሎ› የኔ አይደለም» ይላሉ።

«ያው ‹ሎ› ነው እኮ እትዬ።»

«መልኩስ ያው ነው። አመጣጡ ግን የኔ አይደለም፤ ዘግይቶ ነው የሚመጣ።»

እውነታቸውን ነበር፤ ደንቤ ውስጥ አንድ ትርፍ ምት ነበረበት። አንዳንድ ቀን መብራት ይጠፋል። ያን ጊዜ ከአልጋ ሥር የተኛውን ታይፕራይተር አውጥተን በእሱ ላይ እንቀጥላለን፤ የቀለሙ ሪባን ስለ ደረቀ ወረቀቱ ላይ ምንም አይወጣም፤ እኔ ጣታቸውን ብቻ እከተላለሁ።

መስከረም ሊያልቅ ሲል ሥራው አለቀ። ጋሽ ስንሻው መጥተው በርጩማቸው ላይ ተቀመጡና ለእትዬ ትርንጎ አስረዷቸው፦ አሮጌው እንደነበረ አለ፣ አዲሱም ተዘጋጅቷል፣ አዲሱ ላይ ገና ያልተያዘ ስሕተት ሊኖር ይችላል። «ምረጡ የሚባሉት እርስዎ ነዎት እንጅ እኛ አይደለንም» አሏቸው።

እትዬ ትርንጎ በመስኮቱ ወደ ማዶው ሱቅ አዩ። ከዚያ እጃቸውን አዩ።

«ቀይሩት። አሮጌው ዲስክ ግን እኔ ዘንድ ይቀመጥ።»

በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ከታይፕራይተሩ ሣጥን ውስጥ አስገቡት።

ጥቅምት ላይ ፍርድ ቤቱ ተከፈተ። የመጀመሪያው ባለ ጉዳይ ከማንኩሳ የመጡ አያ ዘለቀ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ጎረቤታቸው የእርሻ ወሰን ገፍቶባቸዋል። እኔና ጋሽ ስንሻው ጥግ ይዘን ተቀመጥን። አያ ዘለቀ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጀመሩ።

«ይኸ ሰው ድንበሬን እንደ ነቀዝ ከሥር ከሥር በላው፤ ብለሽ ጻፊልኝ።»

«‹ወሰኔን አልፎ ገብቶ› ነው የሚባል፣ አያ ዘለቀ።»

«ነቀዙስ?»

«ነቀዝ ክስ ውስጥ አይገባም።»

«ነቀዝ ካልገባማ ክሱ ጨው የለውም! እኔ የተበላሁት በነቀዝ ነው።»

«ዳኛው ፊት ሲቆሙ በቃልዎ ይንገሯቸው። አሁን ይቀጥሉ፤ በስንት ዓመተ ምሕረት ነው የገባው?»

አያ ዘለቀ ቀጠሉ፤ ከመሬቱ ወደ አባታቸው፣ ከአባታቸው ወደ ዋርካው፣ ከዋርካው ወደ ወንዙ ተሻገሩ። እትዬ ትርንጎ ዓይናቸው የሽማግሌው አፍ ላይ ነው። ጣታቸው ይሮጣል። አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። ስክሪኑን አዩ። «ኳ» ተበላሽቶ ወጥቷል። እኔ ልነሣ ስል ጋሽ ስንሻው ጉልበቴን ያዙኝ። እትዬ ትርንጎ ሰረዙት፤ ደግመው መቱ፤ ደግሞ ተበላሸ። አያ ዘለቀም ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ። ሦስተኛ ሲመቱት ቀስ ብለው ነበር፤ ወጣ። «ይቀጥሉ» አሉ። አያ ዘለቀ ቀጠሉ። ንግግራቸውን ጨርሰው ትንፋሽ ሲወስዱ ወረቀቱ ከፕሪንተሩ እየወጣ ነበር።

ፍላሹን ይዘው ወደ ፍርድ ቤቱ ተሻገሩ። እኛ ጠበቅን። እትዬ ትርንጎ ኪቦርዱን በነጠላቸው ጫፍ ይወለውላሉ፤ ንጹሕ ነበር። ሽማግሌው በቆዩ ቁጥር በመስኮቱ የማዶው ሱቅ ጎልቶ ይታየኝ ጀመር። በመጨረሻ መጡ። ወደ ማዶው ሱቅ አልዞሩም፤ ቀጥታ ወደ እኛ ነው የመጡት።

«ምን አሉ?» አሉ እትዬ ትርንጎ።

«ተቀበሉ። ከፍተው አነበቡትና ‹ማን ነው የጻፈልዎ?› አሉኝ። ‹ትርንጎ ናት› አልኋቸው። ‹እትዬ ትርንጎ ተቀየሩ እንዴ?› አሉ።»

«እርስዎስ ምን አሉ?»

«‹ኧረ እሷስ ያችው ናት፤ ነቀዜን እንኳ አላስገባችልኝም› አልኋቸዋ!»

እትዬ ትርንጎ ሲስቁ ያን ቀን ነው መጀመሪያ የሰማሁት። በሩ ላይ ሁለተኛው ባለ ጉዳይ ቆሞ ነበር። እጃቸውን ወደ ኪቦርዱ መለሱ።

ወደ ቡሬ ስንመለስ ጋሽ ስንሻው እንደገና ሞተሩን መንገድ ዳር አቆሙ። እኔ የማመስገኛ ንግግር ጠበቅሁ።

«ክረምቱን ሙሉ ወሬህን ስሰማ ከረምሁ» አሉኝ። «‹ሎ› እንዴት እንደሚመጣ፣ ‹ኳ› ለምን እንደሚያስቸግር፣ ለኔ፣ ለሻይ ቤቷ ልጅ፣ ለባጃጅ ነጂው ሳይቀር አስረድተሃል። ይህን ሁሉ ማስረዳት ካቻቢቴ አይችለውም። ሄደህ ትምህርት ቤት አስተምር።»

«ያባርሩኛል እንዴ ጋሼ?»

«እኔ ጆሮዬን ላሳርፍ ነው።»

ለመምህርነት ሳመለክት የምስክር ወረቀቴን ይዘው አብረውኝ የተሰለፉት እሳቸው ናቸው።

የትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር ክፍል ጉዳይም በዚያው መንገድ ተፈታ። በርጩማ አገኘሁ፤ ከኋላ ተቀምጬ ሌላው መምህር ሲያስተምር አየሁ። አብዛኞቹ ማሽኖች ይቀየሩ አልኩ። የፈተና ወረቀት የሚያትመው ፕሪንተር የተያያዘበት ግን ባለበት ይቆይ፤ ፕሪንተሩን አዲሱ ሲስተም አያውቀውም፤ እሱ በበጋ ለብቻው ይታያል። ርዕሰ መምህሩ «በአጭሩ ነበር የጠየቅሁህ» አሉኝ። ግን ተስማሙ።

ባለፈው ሳምንት እትዬ ትርንጎ ደወሉልኝ።

«ይበልጣል፣ ደግሞ ሌላ አዲስ ሲስተም መጣ ይላሉ። ማሽኑ በየጠዋቱ ‹ቀይሪኝ፣ ቀይሪኝ› ይለኛል። ልቀይረው ወይስ ልተወው?»

ጥሩ ጥያቄ ነበር። ከመሠረቱ ጀመርኩ። አዲሱ ሲስተም ከአሮጌው በምን እንደሚለይ፣ ማሽናቸው ይችለው እንደሆነ በምን እንደሚታወቅ፣ አሮጌው የአምራቹ ድጋፍ ሲቋረጥበት ምን አደጋ እንዳለው፣ የሠራነው የኪቦርድ ደንብ አዲሱ ላይ መሞከር እንዳለበት በየተራ ማስረዳት ያዝኩ። እስከ መሐል ሰሙኝ።

«የኔ ልጅ» አሉ፣ «አሁን አታስረዳኝ። ቅዳሜ መጥተህ ተቀመጥና እጄን እየው። በርጩማ እኔም ዘንድ አለ።»